የወጣው ጠርሙስ የሚመለስበት መንገድ



«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው ብሂል ከማንም ይልቅ የታሸገ መጠጥ አምራቹን ይመለከታል። ጠርሙሱ ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ ጉድለት እንዳለበት ሲታወቅ፣ ጠጪው ሳይከፍተው ደርሶ መመለስ ግዴታ ይሆናል። ይህ ተግባር ምርትን ከገበያ መሰብሰብ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ይሁን እንጂ የሕግ ቃል ብቻውን ጠርሙስ ተሸክሞ አይመለስም፤ ጠርሙሱ የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።

በውጭው ዓለም የደረሱ ሁለት ጉዳዮች ይህንን ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 በፈረንሳዩ የፔሪዬ ውሃ ውስጥ፣ ካንሰር የሚያመጣና ስሙ ከቤንዚን ነዳጅ ጋር የሚቀራረብ ኬሚካል በጥቂት መጠን ተገኘ። ኩባንያው በመጀመሪያ ጉድለቱ ለአሜሪካ ገበያ በተመረተው ውሃ ብቻ የተወሰነ ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ በአውሮፓም በመገኘቱ፣ ጋዙን የሚያጣራው መሣሪያ በጊዜው አለመለወጡ ታወቀ፤ 160 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስም ከመላው ዓለም ተሰበሰበ። ኩባንያውን የጎዳው የኬሚካሉ መጠን ብቻ ሳይሆን የቃሉ መለዋወጥ ጭምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ኦድዋላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጀርሞችን በሚገድል ሙቀት ያላለፈ የፖም ጭማቂ ሸጦ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፤ አንዲት ሕፃንም ሞተች። ጥፋቱ ከባድ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ጭማቂውን በየሱቁ የሚያደርሰው በራሱ መኪናዎች ስለነበረ፣ ምርቱን በ48 ሰዓት ያህል ጊዜ ከየመደርደሪያው ለማንሳት ችሏል። ያደረሰው መኪና የመመለሻ መንገዱንም ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ መቀሌ እንመለከት ዘንድ ጉዳዩ ያስገድዳል። በከተማይቱ የሚጠጣው የታሸገ መጠጥ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ረጅም ጉዞ አድርጎ፣ ወይም በማይጨው እንደተቋቋመው ራያ ቢራ ካሉ ቀረብ ያሉ ፋብሪካዎች ተነሥቶ ይደርሳል። ከአከፋፋዩ መጋዘን በኋላ በቀዳማይ ወያነ፣ በአዲ ሓቂና በኵሓ ወዳሉት ሱቆችና ግሮሰሪዎች ይበተናል። በመስታወት ጠርሙስ የሚሸጠው ቢራና ለስላሳ የራሱ ሥርዓት አለው፤ መኪናው 24 ጠርሙስ የያዘውን ሳጥን ሲያወርድ ባዶውን ሳጥን ይጭናል፤ ባለሱቁም ባዶ ጠርሙስ ገንዘብ መሆኑን ስለሚያውቅ አንዱንም አይጥልም። ማንም «ምርትን መሰብሰብ» ብሎ ባይጠራውም፣ የመመለሻ መንገድ ማለት ይኸው ነው። ባዶውን የሚመልሰው መኪና በተፈለገ ጊዜ ሙሉውንም ሊመልስ ይችላል።

የፕላስቲኩ ጠርሙስ ግን መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም። ከዚህም በላይ፣ በአንድ የታሸገ ውሃ ስም «ሃይላንድ» እየተባለ የሚጠራው ባዶ ዕቃ በየቤቱ ሁለተኛ ሕይወት ይኖረዋል፤ ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ አረቄ ወይም ስዋ ይሞላበታል። በላዩ የታተመው ቁጥርና ቀን ስለ ውስጡ መመስከሩን ያቆማል። «ይህንን ቁጥር የያዘውን አትጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ እንኳ፣ በረኪና የተሞላውን ጠርሙስ ከውሃው ለመለየት አይረዳም።

ሌላው ችግር የመልእክቱ ነው። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በመቀሌ የስልክ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ተቋርጦ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ አገልግሎቱ ቢመለስም፣ ያ ዘመን የተወው ትምህርት ሊረሳ አይገባውም። በስልክና በቴሌቪዥን ብቻ የሚተማመን የመሰብሰቢያ ዕቅድ መስመሩ በተቆረጠበት ቀን ባዶ ወረቀት ይሆናል።

ስለዚህ በመቀሌ ሁኔታ ሦስት ነገሮች ከሁሉ ይቀድማሉ። አንደኛ፣ የምርት መለያ ቁጥሩ በፋብሪካው ብቻ ሳይሆን በአከፋፋዩም መዝገብ፣ ከተረካቢው ሱቅ ስም ጋር ሊጻፍ ይገባል። «ለኵሓ 40 ሳጥን ሄዷል» የሚል መዝገብ ሒሳብ ለመዝጋት ይበቃል፤ ሰው ለማዳን ግን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ ዕቃውን ሲመልስ ገንዘቡን በዚያው ሰዓት ማግኘት አለበት። በብድር ዕቃ ያስገባ ነጋዴ ኪሣራው በእርሱ ላይ እንደሚወድቅ ካወቀ፣ ጠርሙሱን ከመመለስ ይልቅ ፈጥኖ ለመሸጥ ይፈተናል። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው በትግርኛም በአማርኛም ይጻፍ፤ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደታተመም ይግለጽ፤ በአከፋፋዩ መኪና፣ በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩልም ይድረስ።

ብዙ አምራች ምርቱን መልሶ መሰብሰብን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ነገር ግን ጉድለት በማናቸውም ፋብሪካ ሊደርስ ይችላል፤ የሚያሳፍረው ጉድለቱን እያወቁ ጠርሙሱን በመደርደሪያ ላይ መተው ነው። የማኅበሩ አባላት ይህንን ለማረጋገጥ የግድ አደጋ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርባቸውም። በአንድ ተራ የሥራ ቀን አንድ የምርት ቁጥር መርጦ፣ ያ ምርት በመቀሌ በየትኞቹ ሱቆች እንደሚገኝ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ እስከ ማታ ካልተገኘ፣ መንገዱ ገና አልተሠራም ማለት ነው።