ባሕር ማዶ የወደቀው የደጋ ልጅ
በአርባ ምንጭ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ ወደብ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ሲጓዝ፣ አርባ ምንጭ የሚባል ከተማ ገና አልተቈረቈረም ነበር። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ያለው ይህ ሥፍራ ከተማ የሆነው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ክብር ዘበኛ የገባ ወጣት ቢታሰብ፣ ትቶት የሄደው ቀርከሃውንና እንሰቱን፣ በድንጋይ የተካበውን እርከን፣ ምናልባትም አባቱ እግሩን አግብቶ የሚሸምንበትን ጉድጓድ ነው።

በዌልስ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች መንደሮች፣ በጦርነት የሞቱት ልጆች ስም በመንደሩ መካከል በቆመ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባት የልጁን ስም እያየ ያልፍ ነበር። የጋሞ ሸማኔም ከጉድጓድ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ ግን ለዘማች ልጁ ስም የሚቆም ድንጋይ አልተለመደም።

ቃኘው የሚለው ስም የተወሰደው ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ሠራዊቱ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ፣ እየተፈራረቀ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ስምምነት ድረስ ተዋጋ። 121 ሰዎች ሞቱ፤ 536 ቈሰሉ፤ አንድም አልተማረከም። ይህ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ በኩራት ይነገራል፤ ተገቢም ነው። የእናት ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ እርስዋ የምትቈጥረው አንድ ብቻ ነው።

በአገራችን መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎች በማለዳ ከቤት ደርሰው ነው። ነጠላው ጥለቱ ወደ ፊት ተመልሶ ይለበሳል፤ ያንን ነጠላ ለብዙው ኢትዮጵያዊ የሸመነውም የጋሞና የዶርዜ እጅ ነው። በጋሞ ለቅሶ ወንዶች ጦርና ጋሻ ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። ነገር ግን በፑሳን የተቀበረ ልጅ ሲለቀስ ምን ይታቀፋል? በኋላ የሟቾቹ አጽም ተመልሶ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። አገሩ ገባ ማለት ነው፤ ከጨንቻ ደጋ ግን አሁንም የብዙ ቀን መንገድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሙ ደበዘዘ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተነሣው ከክብር ዘበኛ በመሆኑ፣ ጥርጣሬው ቃኘውን ጭምር ነካ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከኮሚኒስት ጦር ጋር መዋጋት የሚያስመካ ሳይሆን የሚያሳፍር ሆኖ ተቈጠረ፤ ሜዳልያውን ከሣጥን ያላወጣ ዘማች ብዙ ነው። ቹንቾን ላይ ኮሪያውያን ያቆሙት ሐውልት በ1960 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር፤ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር የሚገኘው መታሰቢያ የተመረቀው ግን በ1998 ዓ.ም. ነው። ባለውለታው ከባለቤቱ ቀድሞ አስታወሰ ማለት ነው።

መሐንዲስ መሬት ሲለካ በመጀመሪያ የሚፈልገው የታወቀ ነጥብ ነው፤ ያ ከሌለ የቀረው ልኬት ሁሉ ተንሳፋፊ ይሆናል። 121 የሚለው ቍጥር ብቻውን እንዲሁ ነው። የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ወረዳና ቀበሌ በአንድ መስመር ቢጻፍ፣ መዝገቡ በሙሉ ከጥቂት ገጾች አያልፍም። ከዘመቱት በሕይወት ያሉት ዛሬ ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ አብሯቸው በአንድ ምሽግ ያደረው ልጅ ከየት እንደ መጣ ሊናገሩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው።