የጋሪ ፈረስን ማሸት፦ በቆቦና በራያ ቆላ



ፈረስን ማሸት ሲባል ለብዙዎቻችን የእሽቅድምድም ፈረስ ቅንጦት ይመስለናል። እኔ የማስበው ግን በራያ ፀሐይ ማሽላና ሽንኩርት ጭኖ የቆቦን አስፋልት ስለሚረግጠው የጋሪ ፈረስ ነው። ማታ ጠፍሩ ሲፈታ ደረቱን፣ ጫንቃውንና ጀርባውን በመዳፍ ቀስ ብሎ ማሸት ያሳርፈዋል። ከዚህም በላይ እጅ ይመረምራል፤ ዓይን ያለፈውን ትኩሳትና እብጠት ያገኛል። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ ወይም ከእጃችን ከሸሸ፣ የሚያመው እዚያ ነው።

ወጌሻ ለሰው የሚያደርገውን ባለጋሪው ለፈረሱ ቢያደርግ እሰየው። ነገር ግን በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚያጠቃ ኤፒዙኦቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለ የፈንገስ በሽታ አለ፤ በቁስል ይገባል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይዛመታል። እባጭ የተደረደረበትን እግር የነካ እጅ ሳይታጠብ ሌላ ፈረስ ከዳሰሰ፣ በሽታውን አብሮ ይወስዳል። ተማሪ ሳለሁ እኔም ይህን አድርጌአለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደረቱ የተላላጠ ፈረስ በማግሥቱ ያንኑ ሻካራ ጠፍር ከለበሰ ደግሞ ማሸቱ ከንቱ ነው። ባለጋሪውን «ሳምንት አሳርፈው» ማለት ለእኛ ይቀልለናል፤ የልጆቹ እንጀራ ግን ከዚያው ፈረስ ነው። ስለዚህ ለመስክ ስትወጡ በጠፍሩ ጀምሩ፤ የት እንደሚፍቀው አብራችሁት ፈልጉ፣ ሥሩም ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አስደርጉ።