ቢጫው ጡብ፦ የሂልቨርሰም ማዘጋጃ ቤት

(የሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ በድሮ ሬዲዮኖች መስታወት ላይ ከሚነበቡት የከተማ ስሞች አንዱ ሂልቨርሰም ነበር፤ የኔዘርላንድ የሬዲዮ ከተማ። ዛሬ ግን ወሬያችን ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ ጡብ ነው።

የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። የነደፈው ቪለም ማሪኑስ ዱዶክ በወታደራዊ መሐንዲስነት የሠለጠነ፣ የከተማዋ አርክቴክት ነበር። ብዙዎቹ የዘመኑ አዳዲስ አርክቴክቶች በኮንክሪትና በነጭ ልስን ሲማረኩ፣ እሱ ቢጫ ጡብ መረጠ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ጡቡ ቀጠን፣ ረዘም ያለ ነው። አግድም ያለው መጋጠሚያ ወደ ውስጥ ስለገባ ጥላ ይይዛል፤ ሽቅብ ያለው ግን ዓይን አይስብም። ግድግዳው የተሰመረ ደብተር ይመስላል። ከዚያ ሁሉ አግድም መስመር መሃል 47 ሜትር ገደማ የሆነው ማማ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከፊቱ ያለው ኩሬም ደግሞ ገልብጦ ያሳየዋል።

ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ዐምድ ተደርድሮበት፣ ጉልላት ተደፍቶበት አታገኙትም፤ ያም ሆኖ ግርማ አለው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። የእንግሊዝ አርክቴክቶች ተቋምም በ1935 ዱዶክን የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሞታል።

ሕንፃው ዛሬም ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ሙሽሮች ይፈራረሙበታል።

(ሙዚቃ)