ጎማው የሚያረጀው በበጋ ነው፦ የመኪና የዝናብ መጥረጊያ አመራረጥና አያያዝ በአዲስ አበባ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግሥት አንድ ባልደረባዬ ደረጃው ላይ አስቁመውኝ፣ «ዶክተር፣ ይህን ያህል ዓመት ፖሊመር አስተምረው መጨረሻዎ የመኪና መጥረጊያ ሆነ?» ብለው ቀለዱብኝ። አብረን ሳቅን። ርእሱን የመረጥሁበት ምክንያት ግን የሚያስቅ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ቁልቁለት እየነዳሁ እወርድ ነበር። ክረምቱ የገባበት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በመንገድ ላይ ያዘኝ። መጥረጊያውን ስከፍተው፣ ከመስከረም ወዲህ ከጥቂት የበልግ ካፊያ በቀር ያልሠራው ጎማ ውሃውን በመግፋት ፋንታ ከአቧራው ጋር ለውሶ መስታወቱን ለቀለቀው። ከፊቴ ያለው ሁሉ ቡናማ ጭጋግ ሆነ። ፍሬን ረግጬ ስቆም፣ ከመኪናዬ ፊት አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ወገባቸውን እንዳጎበጡ መንገዱን እያቋረጡ ነበር። እርሳቸው ቀና ብለው መኪናውን ሊያዩ አይችሉም፤ ሸክሙ አይፈቅድላቸውም። እኔም አላየኋቸውም፤ እኔ ግን የማመካኝበት ሸክም አልነበረኝም። «እግዜር አተረፈን» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያንን ጎማ አልጣልሁትም። የተገዛው ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይርቅ ነበር፤ የሠራባቸው ሰዓታት ቢቆጠሩ ጥቂት ናቸው። ታዲያ ምን ገደለው? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ብዙዎቻችን የዝናብ መጥረጊያ በሥራ ብዛት ያልቃል ብለን እናስባለን። ሒሳቡን እንሥራው። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ የመጥረጊያው ፈጣን እንቅስቃሴ በደቂቃ ከ45 ዙር እንዳያንስ ያዝዛል። አንድ ዙር ደርሶ መልስ ስለሆነ 90 ጊዜ ይጠርጋል ማለት ነው። የጎማው ጫፍ ክንዱ ከሚዞርበት ነጥብ 65 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና ሩብ ክብ ቢሠራ፣ በእያንዳንዱ ጥረጋ 1 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በክረምቱ 100 ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ እንደ መሄድ ማለት ነው። የከንፈሩ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ጎማ ይህ ቀላል ጉዞ አይደለም። ሆኖም ውሃ ራሱ ቅባት ነው፤ እርጥብ መስታወት ላይ የሚንሸራተት ጎማ የሚደርስበት ሰበቃ አነስተኛ ነው። ሰበቃው የሚበረታው መስታወቱ ሊደርቅ ሲል፣ ግማሽ እርጥብ ግማሽ ደረቅ በሆነበት ሰዓት ነው። ከዶፍ ይልቅ ካፊያ ጎማውን የሚጎዳው ስለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ እየቆየ የሚጠርገውን ማርሽ ተጠቀሙ።

(በነገራችን ላይ፣ ይህን እየቆየ የሚጠርግ መጥረጊያ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለፓተንት ያቀረበው ሮበርት ከርንስ በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በኋላም ፎርድንና ክራይስለርን ፍርድ ቤት አቁሞ ረትቷል። ይህን ያነሣሁት ደረጃው ላይ ላስቆሙኝ ባልደረባዬ ነው።)

ወደ ገዳዩ ልመለስ። የመጥረጊያ ጎማ ብዙውን ጊዜ የተፈጥሮ ጎማ ነው። የሰንሰለቱ ግንድ በድርብ ቦንድ የተሞላ ሲሆን፣ የመለጠጥ ጠባዩን የሚሰጠው ይኸው ግንድ ድክመቱንም ይሸከማል። በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ድርብ ቦንዱን ይበጥሳል። ተማሪዎቼ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ በኦዞን ምክንያት ስንጥቅ የሚፈጠረው ጎማው ተወጥሮ ወይም ታጥፎ ባለበት ቦታ ነው። አሁን የቆመች መኪናን አስቡ። መጥረጊያው ሲያርፍ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ታጥፎ፣ በምንጩ ኃይል መስታወቱ ላይ ተጭኖ ነው የሚቀረው። እንዲህ ሆኖ ወራት ሲቆይ የታጠፈው ቦታ ይሰነጠቃል፤ ከንፈሩም የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ሲሄድ ይጠርጋል፣ ሲመለስ ግን መገልበጥ ስለማይችል እየዘለለ ይንገጫገጫል። ይህን ድምፅ የማያውቅ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ ላይ የኛ ፀሐይ አለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ጨረሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይልቃል። ከተማችን በሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ። የነሐሴዋን ደመና ይጋርድልናል። የሚያዝያዋ ግን ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ጎማውን ትጠብሰዋለች። እንግዲህ መጥረጊያው የሚያረጀው ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት በበጋ ነው፤ ሰኔ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እርጅናውን መግለጥ ነው።

አቧራውም አለ። ከአቧራችን ውስጥ ኳርትዝ አይጠፋም፤ የኳርትዝ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 7 ሲሆን የመስታወት ከ6 እምብዛም አያልፍም። ጠዋት መኪናችንን አስነሥተን ደረቁን አቧራ በመጥረጊያ ስንጠርግ፣ ጎማውን ብቻ ሳይሆን መስታወቱንም በብርጭቆ ወረቀት እንደምናሽ ቁጠሩት። እንዲህ የተፋቀ መስታወት ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ይንቦገቦጋል፤ ያን ጊዜ የትኛውም አዲስ ጎማ አያድነውም። ጉለሌ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ሥር መኪና የሚያቆም ሰው ሌላ ጣጣ አለበት፤ ነጩ ባሕር ዛፍ የሚጥለው ጠንካራው የአበባ ቆብ ከጎማው ሥር ይገባና አንድ ረጅም ጭረት ያወጣል። መኪና ከማስነሣታችሁ በፊት በእጃችሁ አንሡት።

ስለ አመራረጥ። ሱማሌ ተራም ይሁን በየሰፈራችን የመለዋወጫ ሱቅ፣ በደጃፉ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የሰነበተውን መጥረጊያ አትግዙ፤ ገና ሳይገጠም አርጅቷል። ከውስጥ፣ ከነማሸጊያው ያለውን ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ ያለው የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና አይደለምና ከንፈሩን ራሳችሁ ተመልከቱ። ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ወረቀት ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ወደ ጎን አጥፋችሁ ስትለቁት ወዲያው ወደ ቦታው ይመለስ። የግራና የቀኙን ርዝመት ለየብቻ ለኩ፤ በብዙ መኪኖች በአሽከርካሪው በኩል ያለው ይረዝማል።

በቁሱ ዓይነት ላይ ብዙ ጥያቄ ይቀርብልኛል። ኢፒዲኤም የሚባለው ሠራሽ ጎማ ድርብ ቦንዱ ከዋናው ግንድ ውጭ ስለሆነ ኦዞንን በደንብ ይቋቋማል። ሲሊኮን ግንዱ ሲሊከንና ኦክስጅን ስለሆነ ፀሐይም ኦዞንም እምብዛም አይደፍሩትም፤ ነገር ግን ዋጋው ይወደዳል፣ በሹል ነገርም በቀላሉ ይቀደዳል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መኪናውን ደጅ የሚያሳድርና ጎማውን በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው ሲሊኮን ይግዛ። የማያጥብ ሰው ለሲሊኮን ገንዘቡን አያባክን፤ ተራውን ጎማ ገዝቶ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይቀይረው። ለምን ግንቦት? መስከረም ላይ የቀየረ ሰው አዲሱን ጎማ ለበጋው ፀሐይ ገበረው ማለት ነውና።

ስለ አያያዝ የምለው አጭር ነው። በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ክንዱን ቀና አድርጋችሁ ከንፈሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ጥቁር መልቀቁ እስኪቀንስ ድረስ። መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ከላይ ያረጀ ጨርቅ ወይም ካርቶን ጣል አድርጉበት። ክንዱን አንሥቶ መተው ከንፈሩን ከመታጠፍ ያድነዋል፤ በኛ መንገዶች ግን አላፊ አግዳሚው ይሰብረዋል፣ ስፖኪዮ የሚወስድ እጅም ያገኘዋል። እንዲያብረቀርቅ ተብሎ በናፍጣ ወይም በጋዝ መወልወልን ፈጽሞ አትፍቀዱ። አጣቢዎቹ ይህን የሚያደርጉት በቅንነት ነው፤ ኬሚስትሪው ግን አይምርም። የተፈጥሮ ጎማም ናፍጣም ሃይድሮካርቦን ናቸው፤ ጎማው ናፍጣውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጠርዙም ይጠፋል። ምንጩ የደከመ ክንድ በከመነዳሪ ቁራጭ ታስሮ አይቻለሁ፤ ለአንድ ቀን ያሻግር ይሆናል፣ ለክረምት ግን አይበቃም።

ብልሽቱን ከምልክቱ መለየትም ይቻላል። አንድ ቀጭን መስመር ከቀረ ከንፈሩ ላይ ቆሻሻ ወይም ቁራጭ አለ። ሰፊ ያልተጠረገ ቦታ ከቀረ ግፊቱ አንሷል፤ ችግሩ ከክንዱ ነው፣ ጎማ መቀየር አይፈታውም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ ከንፈሩ ቅርጽ ይዞ ቀርቷል።

ከፊታችሁ ሁለት ጎማዎች አሉ። በስተግራ ያለው ባለፈው ግንቦት የገዛሁትና በየሳምንቱ ያጠብሁት ነው። በስተቀኝ ያለው ያን ቀን በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የነበረው ነው። እየተቀባበላችሁ ከንፈሩን በጣታችሁ አጥፋችሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት፤ ስንጥቆቹ በአንድ ወገን ብቻ ናቸው። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።