«አስቀድማችሁ ክፈሉ» የሚለው ብድር

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የቁጠባና ብድር ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የቁጠባ ማኅበራት የሒሳብ አያያዝ ነው። ይሁን እንጂ በሥራችን በምንዞርባቸው አጥቢያዎች ደጋግሞ የገጠመን አንድ ጉዳይ ስላለ፣ ከተሰጠን ሰዓት የሚበዛውን ለእርሱ ልናውለው ወደድን። ጉዳዩ ብድር እንሰጣለን ብለው አስቀድመው ገንዘብ የሚቀበሉና ከዚያ በኋላ የሚሰወሩ ሰዎች ነገር ነው።

አንዲት እናት አለች። ስሟንና አጥቢያዋን አንጠራም፤ ታሪኩ እንዲነገር ግን ፈቅዳለች። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታቀርብ፣ በአጥቢያዋም የእናቶች ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመጨመርና ጤፍ በኩንታል ለመግዛት 100,000 ብር ፈለገች። በቴሌግራም «ያለ ዋስትና፣ በሦስት ቀን ውስጥ» የሚል ማስታወቂያ የታወቀ የገንዘብ ተቋም አርማ ተለጥፎበት አየችና ደወለች። ያነጋገራት ሰው «እናቴ» እያለ በትሕትና መለሰላት። የመታወቂያዋን ፎቶ ተቀበለ፤ በማግስቱም ብድሯ መጽደቁን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልኳ ላከላት።

ክፍያው የተጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ለመዝገብ መክፈቻ 2,500 ብር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ለብድሩ መድን 6,000 ብር። በመጨረሻም ገንዘቡ ተለቋል፣ የቀረው የግብሩ ብቻ ነው ተባለና 9,500 ብር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍያዎች ከራሷ ከፈለች። ሦስተኛውን ግን ከእጇ ስላጣችው፣ በሦስት ቀን ውስጥ እተካዋለሁ ብላ ከማኅበሩ ሣጥን አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ አይነሣም።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንዴት ሦስት ጊዜ ከፈለች?» ብሎ ነው። መልሱ በሒሳቡ ውስጥ አለ። ሦስተኛውን በከፈለች ጊዜ 100,000 ብር ለማግኘት ያላት ጉጉት ቀንሶ ነበር፤ የፈራችው አስቀድሞ የወጣው 8,500 ብር ከንቱ እንዳይቀር ነው። አታላዮቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የመጀመሪያው ክፍያ ትንሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ትንሹ ትልቁን እንዲስብ።

ስልቱ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ «የእስፓኝ እስረኛ» በሚባል የደብዳቤ ማታለል፣ እስረኛውን ለማስፈታት ጥቂት ገንዘብ የላከ ሰው ብዙ ሀብት እንደሚካፈል ይነገረው ነበር። ዛሬ የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ ደብዳቤው በስልክ ሆኗል።

«ሞኝ ናት» የሚል ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ካልዕ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5ን እናስታውስ። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ነበር፤ ሞኝ ሰው ለዚያ ሹመት አይበቃም። ግያዝ ከኋላው ሮጦ የደረሰበት በነቢዩ በኤልሳዕ ስም ነው። ሁለት ጎልማሶች ከነቢያት ልጆች ወገን መጥተዋል ብሎ አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ጠየቀው። ንዕማንም ሁለት መክሊት እንዲወስድ ግድ አለው። ንዕማን የተታለለው ኤልሳዕን ስላመነ ነው፤ ኤልሳዕን ማመኑ ደግሞ ትክክል ነበር። በዚያ ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈው አርማም ሥራው እንደ ኤልሳዕ ስም ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እኛ የቁጠባ ማኅበር የምናደራጅ ሰዎች ልናስብበት የሚገባ። «አስቀድማችሁ ቆጥቡ፣ ከዚያ ትበደራላችሁ» ብለን ለዓመታት አስተምረናል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከብድር በፊት ገንዘብ ማውጣት ለምእመናን እንግዳ ነገር አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረና በ2014 ዓ.ም. «ቴሌብር መላ» ከተጨመረበት በኋላ ደግሞ ያለ ንብረት ዋስትና በስልክ አነስተኛ ብድር ማግኘት እውነት ሆኗል። ማስታወቂያው እውነት የሚመስለው ከእነዚህ እውነቶች አጠገብ ስለቆመ ነው። ልዩነቱን ስናስተምር እንግዲህ በስልክ የሚመጣ ሁሉ ሐሰት ነው ብንል ማንም አይሰማንም። የሚያዋጣው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። በማኅበራችን የተቆጠበ ገንዘብ በቆጣቢው ስም፣ በቁጠባ ደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ ብድሩ ቢቀር እንኳ ገንዘቡ የእርሱ ነው። ባንክም ሆነ የማይክሮፋይናንስ ተቋም የአገልግሎት ክፍያ ቢኖረው በተቋሙ ስም፣ በደረሰኝ ይቀበላል። ያቺ እናት ሦስቱንም ክፍያዎች የላከችው በግለሰብ ስም ወደተከፈቱ ሦስት የተለያዩ ሒሳቦች ነው። ከመክፈሏ በፊት ያንን ስም ለአንድ ሰው ብታሳይ ኖሮ ነገሩ በ2,500 ብር እንኳ ባልደረሰ። ግን ሰውየው «ዕድሉ ለጥቂት ሰዎች ነው፣ ለማንም አትንገሪ» ብሏት ነበር። ይህ «አትንገሪ» የሚለው ቃል ከማናቸውም ምልክት ይልቅ ሊያስደነግጠን ይገባል።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ እንምጣ። እናት ሆይ የጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለት ወር ነው የከበዳት። ቅዳሴ ቀረች፤ የጽዋ ማኅበሯንም ተወች። የሣጥኑ ጉድለት በታወቀ ጊዜ ከኮሚቴው አንዳንዶቹ ስሟ በዐውደ ምሕረት ይነገር አሉ። ይህ ሐሳብ ክፋት ነበረበት አንልም፤ የማኅበሩ ገንዘብ የድሆች እናቶች ገንዘብ ነውና ተቈጥተዋል። ነገር ግን ስሟ በአደባባይ ቢነገር ኖሮ፣ ነገ የሚታለለው ሰው ለማን ይናገራል? በዚሁ በካልዕ መጽሐፈ ነገሥት፣ በምዕራፍ 4፣ ባለዕዳ ሁለት ልጆቿን ሊወስድባት የመጣባት መበለት ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ዕዳው ከየት እንደመጣ አልመረመራትም፤ በቤቷ ምን እንዳለ ጠየቃት። መጮኽ ባትችል ኖሮ የዘይቱ ተአምር አይደረግም ነበር።

በዚያ አጥቢያ የንስሐ አባቷ ሄደው አነጋገሯት፤ ኮሚቴውም በዝግ ተሰብስቦ ሰማት። ምሕረት ማድረግ ሒሳብ መሰረዝ ስላልሆነ 9,500 ብሩን በየወሩ 950 ብር በዐሥር ወር ልትመልስ ተፈራረመች። የገንዘብ ያዥነቱ ኃላፊነት ለሌላ ተሰጠ፤ ሣጥኑም በሦስት ሰዎች እጅ የሚያዙ ሦስት ቁልፎች ተበጁለት። ቀድሞውንም እንዲህ ሊሆን የሚገባው ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚከፍተው ሣጥን ለጻድቅም ፈተና ነው። እርሷም እንጀራዋን እየጋገረች ትመልሳለች፤ ይህን ስንናገር አራተኛው ወር ተከፍሏል።

ወደ ፖሊስ የሄደችው ዘግይታ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን ያስቀጣል፤ በኮምፒዩተርና በስልክ ለሚፈጸመውም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ሕግ እያለ ገንዘቡን ማስመለስ የሚያስቸግረው በደቂቃዎች ውስጥ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ነው። ስለዚህ የተታለለ ሰው ሲመጣባችሁ ምክርና ወቀሳውን አቆዩና በዚያኑ ሰዓት ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ይሂድ፤ የተቀባዩ ሒሳብ እንዲታገድ ያመልክት፤ ከዚያ ወደ ፖሊስ። መልእክቶቹንና የክፍያ ማረጋገጫዎቹን በኀፍረት እንዳያጠፋቸው ንገሩት። የመታወቂያውን ቅጂ ልኮ ከሆነም ለፖሊስ ይህንኑ ያስመዝግብ፤ በስሙ ሌላ ነገር ሊሠራበት ይችላልና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ይደውላል። ያቺንም እናት «ከሕግ ክፍል ነን፤ ገንዘብሽ ተገኝቷል፤ ለማስለቀቂያ 3,000 ብር» ብለው ደውለውላት ነበር። የተታለሉ ሰዎች ስልክ ቁጥር በአታላዮች እጅ ይቆያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላውም ይተላለፋል። በዚህ ጊዜ ግን ስልኩን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች።

አባቶች፣ ይህ ፈተና በሰበካ ጉባኤያትም ላይ ይመጣል። ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ላይ ላላችሁ፣ ከባሕር ማዶ የሚኖር በጎ አድራጊ ትልቅ ስጦታ ሊልክ እንደሆነ፣ ለማስተላለፊያ ጥቂት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ የሚነግር መልእክት ሊደርሳችሁ ይችላል። በኮሚሽናችን ስም ቢመጣ እንኳ አትቀበሉት። ፕሮጀክት ለማጽደቅ ከአጥቢያ የምንቀበለው ክፍያ የለም።

ከምሳ በኋላ በየወረዳ ቤተ ክህነታችሁ ተከፋፍላችሁ ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዱ አጥቢያ ምእመናን ከመክፈላቸው በፊት መጥተው የሚጠይቋቸው ሁለት ሰዎች ይመርጣል። አንዷ ሴት ብትሆን እንመርጣለን፤ እናቶች ለእናት ይናገራሉ። የሁለቱ ስም በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገር። የቁጠባ ሣጥናችሁ ስንት ቁልፍ እንዳለውና በማን እጅ እንዳለም ጽፋችሁ ታመጣላችሁ፤ የሒሳብ አያያዙን ትምህርት ከዚያ እንጀምራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።