ማቀዝቀዣና የውሃ ልክ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በአሜሪካና በአውሮፓ መኪናው የሚጎትተው ተሳቢ ቤት ያለው መንገደኛ አመሻሽ ላይ ከማደሪያው ሲደርስ፣ እራቱን ከማሰቡ በፊት የውሃ ልክ አውጥቶ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ወለል ላይ ያስቀምጣል። አልጋ ቢያዘነብል እንቅልፍ ይነሣ እንደሆነ እንጂ ማቀዝቀዣ ምን ይሆናል የሚል ተመልካች አይጠፋም።

የከተማው ቤት ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር አለው። የተሳቢው ግን ብዙውን ጊዜ በጋዝ ነበልባል የሚሠራና በማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ውስጥ አንድም ተንቀሳቃሽ አካል የሌለበት ነው። ይህንን በ1922 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት በስቶክሆልም የንጉሣዊ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የነበሩት ባልጻር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው። በታሸገው የብረት ቱቦ ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን ይገኛሉ። እሳቱ የአሞኒያውንና የውሃውን ድብልቅ ሲያፈላው፣ ጀበና ሲገነፍል ቡናው ወደ አንገቱ እንደሚወጣ ሁሉ፣ አረፋው ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይገፋዋል። ከዚያ ወዲያ የፈሳሹ መንገድ ሁሉ ቁልቁል ነው። የተነነው አሞኒያ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆንና በሃይድሮጅኑ መካከል እንደገና ሲተን ሙቀትን ከምግቡ ይወስዳል፤ ውሃውም አሞኒያውን መልሶ ጠጥቶ ወደ ማፍያው ይወርዳል። ለዚህ ቁልቁል ጉዞ ከመሬት ስበት በቀር ሌላ ፓምፕ የለውም።

የቱቦዎቹ ተዳፋት ጥቂት ስለሆነ ዕቃው ሲያዘነብል ፈሳሹ በየመንገዱ ይቋጥራል። ማፍያው ፈሳሽ ሲያጣ እሳቱ መንደዱን አያቆምም። ብረቱን ከዝገት እንዲጠብቅ የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ከመጠን ባለፈው ሙቀት ተበላሽቶ ይጠጥርና ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናል። ከዚህ በኋላ ዕቃው ቢስተካከልም አይድንም። (አሮጌ ማቀዝቀዣን ገልብጦ ማሳደር ፈውስ ነው የሚሉ አሉ፤ የጠጠረውን ግን መገልበጥ አያሟሟውም።) በጉዞ ላይ መንገጫገጩ ፈሳሹ በአንድ ስፍራ እንዲቋጥር ስለማይፈቅድለት አደጋው ያለው በመቆም ላይ ነው።

ለብዙዎቹ የዛሬ ሞዴሎች የሚፈቀደው ዝንባሌ ወደ ጎን 3 ዲግሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 6 ዲግሪ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎን የተባለው የማቀዝቀዣው ጎን እንጂ የተሳቢው አይደለም። ማቀዝቀዣው የጎን ግድግዳ ተደግፎ በሩን ወደ መተላለፊያው አዙሮ ከቆመ፣ የእርሱ ጎን የተሳቢው ርዝመት ነው። ስለዚህ ጠባቡ ገደብ በርዝመቱ ላይ ይወድቃል። ከመንኰራኵሩ እስከ መጎተቻው ጫፍ 5 ሜትር ቢሆን፣ ጫፉ ከ26 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍም ዝቅም ማለት የለበትም። በወርዱ ግን በመንኰራኵሮቹ መካከል 2 ሜትር ቢኖር እስከ 21 ሳንቲ ሜትር ይቻላል፤ እንዲህ ባለ ዝንባሌ ላይ የሚተኛ ሰው ከተገኘ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ወርዱ ነው። ተሳቢው ከመኪናው ሳይፈታ ዝቅ ያለው መንኰራኵር በሳንቃ ላይ ይወጣል፤ ከተፈታ በኋላ ርዝመቱ በፊተኛው ክሪክ ይስተካከላል። የማዕዘኖቹ ድጋፎች ቤቱ እንዳይወዛወዝ የተሠሩ ስለሆኑ በእነርሱ ማንሣት ሻሲውን ያጣምማል።

ነገሩ የሽርሽር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ መብራት ባልደረሰባቸው ጤና ጣቢያዎች የዚሁ ዓይነት በላምባ የሚነዱ ማቀዝቀዣዎች ክትባትን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ዛሬ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩት እየተኳቸው ነው። ወለሉ ባልተስተካከለ ክፍል ውስጥ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲነድ ያየ ሠራተኛ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይሄዳል፤ ውስጡ ግን ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል። የሽርሽረኛው ወተት ሲበላሽ ይሸታል። የኩፍኝ ክትባት ግን ኃይሉን ማጣቱ በዓይን አይታይም፤ ክትባቱም ለሕፃኑ ይሰጣል።

የውሃ ልኩም ራሱ መፈተን አለበት። አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ በዚያው ስፍራ ጫፍና ጫፉ ተለዋውጦ ይነበባል፤ አረፋዋ ከመሣሪያው ጫፍ ጋር አብራ ከዞረች፣ ሳንቃ ከመደርደር በፊት የሚለወጠው የውሃ ልኩ ነው።