«ተኛ» ስለሚለው ቃልና ስለ እንግሊዝ ቋንቋ ግሦች
ለሰበታ፥ ለቡራዩና ለሱሉልታ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለአፍ ትንሽ፥ ለጉዳት ግን ትልቅ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆቻችን የእንግሊዝን ቋንቋ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እንዲማሩ አዝዞ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ የሚሠሩትን ሥራ፥ ይኸውም መተኛትንና መነሣትን፥ በትክክል የሚናገር ተማሪ ጥቂት ነው።

ምክንያቱም «ተኛ» የሚለው ያማርኛ ግሥ ብዙ ሥራ ስለሚሠራ ነው። ሰው ጎኑን ቢያሳርፍ ተኛ ይባላል፤ እንቅልፍ ቢወስደውም ተኛ ይባላል፤ ታሞ ሐኪም ቤት ቢገባም እንዲሁ ሐኪም ቤት ተኛ ይባላል። እንግሊዞች ግን ይለያሉ። ወደ መኝታ መሄድ «ጎ ቱ ቤድ»፥ መጋደም «ላይ»፥ በእንቅልፍ መወሰድ «ፎል አስሊፕ»፥ በእንቅልፍ ውስጥ መሆን «ስሊፕ» ነው። ሐኪም ቤት ስለ ተኛ ሰው «ስሊፕ» አይሉም፤ «ሂ ኢዝ ኢን ሆስፒታል» ይላሉ እንጂ።

ተማሪው «ማታ በሦስት ሰዓት ተኛሁ» ሊል አስቦ «አይ ስሌፕት አት ስሪ ኦክሎክ» ብሎ ቢጽፍ ሁለት ጊዜ ይስታል። አንደኛ፥ የእኛ የማታ ሦስት ሰዓት በእንግሊዝ አቈጣጠር ዘጠኝ ነው፤ አንባቢው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሳይተኛ የቈየ ይመስለዋል። ሁለተኛ፥ የተናገረው ወደ መኝታ ስለ መሄዱ ነውና «አይ ዌንት ቱ ቤድ አት ናይን ኦክሎክ» ማለት ይገባዋል። «ቤድ» ከሚለው ፊትም «ዘ» አይገባም።

ይህ ስሕተት የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር የራሴን ልናገር። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሳለሁ፥ አንድ ዘበኛ ሌሊት ሆዱን ታሞ ጓደኛውን በቦታው ተክቶ በዘብ ቤቱ ተጋደመ። እኔም ለውጭ አገሩ አለቃ በጻፍሁት ወረቀት «ተኝቶ ነበር» ለማለት «ስሌፕት» አልሁ። አለቃውም ዘብ ላይ ሳለ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት የሦስት ቀን ደመወዙን ቈረጠበት። ነገሩን ባወቅሁ ጊዜ ሄጄ አስረዳሁ፥ ገንዘቡም ተመለሰለት፤ እንቅልፋም የተባለው ስም ግን ብዙ ጊዜ ተከተለው። «ላይ» የሚለውን ቃል አለማወቄ ያስከተለውን ዕዳ የከፈለው እርሱ ነው።

እንግዲህ መድኀኒቱ ከቤታችን አለ። በግእዝ የተማራችሁ ሽማግሎች ሰከበ ሌላ፥ ኖመ ሌላ፥ ነቅሀ ሌላ፥ ተንሥአ ሌላ መሆኑን ታውቃላችሁ። ያፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የሆነው ልጅም መጋደምን «ጪሱ»፥ እንቅልፍ መተኛትን «ረፉ» ብሎ ከእናቱ ቤት ለይቶ መጥቷል። መምህሩ በ«ተኛ» በኩል ቢያሳልፈው ግን ልጁ ለይቶ ያመጣውን መልሶ ይቀላቅልበታል። ስለዚህ ጪሱን ከ«ላይ»፥ ረፉን ከ«ስሊፕ» ጋር አጋጥሞ ያስተምረው።

ያማርኛ ግሥም ቢሆን ይረዳል። ተጋደመ «ላይ» ነው፥ ኀላፊውም «ሌይ»፤ አጋደመ «ሌይ» ነው፥ ኀላፊውም «ሌይድ»። ሁለቱ «ሌይ» በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ ሊቃውንቱ እንግሊዞች ራሳቸው ይሳሳቱበታል፤ ስለዚህ ልጁን አትቈጡት። መለያው ተሳቢው ነው፤ ሕፃኑን፥ መጽሐፉን የሚል ተሳቢ ካለ የአጋደመ ወገን ነው። የ«ስሊፕ» ኀላፊም «ስሌፕት» እንጂ «ስሊፕድ» አይደለም። ነቃ «ዌክ አፕ»፥ ተነሣ «ጌት አፕ» ነው፤ ነቅቶ ሳይነሣ የሚቈይ ሰው ብዙ ነውና።

በክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ይጋደም፥ ዐይኑን ይጨፍን፥ ይንቃ፥ ይነሣ፤ ሌሎቹ የሚያዩትን እየተከተሉ ግሡን ይናገሩ። ቃሉን ከሥራው ጋር ያየ ልጅ አይረሳውም። ነገ ጸሓፊ ወይም ሐኪም በሆነ ጊዜም፥ የታመመውን ሰው እንቅልፋም አያሰኘውም።